የአቶም ሆሎግራም በላፕቶፕ፦ መንታው ምስል ለቀቀኝ

የኤክስሬይ ሆሎግራፊው ነገር የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ይኸው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ክሪስታል ውስጥ ያለ አቶም ኤክስሬይ ሲያርፍበት የራሱን ኤክስሬይ መልሶ ይለቃል። ከፊሉ ቀጥታ ዲቴክተር (የጨረር መቁጠሪያ) ጋ ይደርሳል፣ ከፊሉ ጎረቤት አቶሞችን ነክቶ ይመጣል። የሁለቱ ድምር በየአቅጣጫው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የጎረቤቶቹ ቦታ የተደበቀበት ሆሎግራም እሱ ነው። ቴግዜ እና ፋይግል የተባሉ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. በስትሮንቲየም ታይታኔት (ከስትሮንቲየም፣ ከታይታኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ክሪስታል) ላይ ሠርተው አሳዩት። እኔም ያንኑ ክሪስታል ያዝኩ። በሁለት ጎረቤት ስትሮንቲየሞች መካከል ያለው ርቀት 3.905 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ኮዱ ቢዋሽ ወዲያው ይነቃበታል።

ጎንደር ላይ ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጨው ግዙፍ ማሽን) ከየት ይመጣል? ሆሎግራሙን በፓይተን ኮድ ራሴ አሰላለሁ፣ ከዚያ አቶሞቹን መልሼ እፈልጋለሁ። ማራኪ ሰፈር መብራት እልም ሲል ልፋቴ እንዳይቀር የየኢነርጂውን ውጤት ለየብቻ ሴቭ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ በአንድ ኢነርጂ፣ በ14.165 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ሞከርኩ። አንድ አቶም ብቻ በስተቀኝ አስቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ነጥብ በራ! ሁለተኛው፣ መንታው ምስል የምለው፣ በግራ፣ ልክ በዚያው ርቀት፣ ምንም በሌለበት ቦታ። ዲቴክተር ፎቶን ይቆጥራል እንጂ የሞገዱን ፌዝ (ከፍ ዝቅታው የት ላይ እንደደረሰ) አይዝም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ቀኝና ግራን አይለይም። ሙሉ ክሪስታል ላይ ደግሞ ይብሳል። ጎረቤት በሁለቱም በኩል ስላለ መንታው እውነተኛው አቶም ላይ ይተኛበታል። እንደ ሞገዱ ርዝመት ወይ ያደምቀዋል፣ ወይ ድራሹን ያጠፋዋል።

መላው ኢነርጂ ማብዛት ነው። ግን ስትሮንቲየም የሚለቀው ኢነርጂ የተወሰነ ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከውጭ የሚገባው ጨረር ከፊሉ ቀጥታ፣ ከፊሉ ጎረቤቶቹን ነክቶ ሲደርሰው አቶሙ ራሱ ዲቴክተር ይሆናል፣ የሚገባው ጨረር ኢነርጂ ደግሞ ከ16.1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ እስከሆነ ድረስ እንደልብ ይቀያየራል። የየኢነርጂውን ምስል ፌዙን አስተካክዬ ስደምር እውነተኛው ነጥብ እየደመቀ ሄደ፣ የግራው እየሟሸሸ ጠፋ። በጣም ደስ ይላል፣ ሞክሩት።

አሁን የያዘኝ ኖይዝ (ምስሉን የሚረብሸው የቆጠራ መዋዠቅ) ነው። ሆሎግራሙ ከጠቅላላው ብርሃን 0.1 በመቶ ገደማ ነው፤ በጥምቀት ለት ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆሞ ሹክሹክታ እንደመስማት ነው። ኖይዙን እዚያው 0.1 በመቶ ላይ ለማድረስ እንኳ በየፒክሰሉ 1 ሚሊዮን ፎቶን ያስፈልጋል። ያን ያህል ሰጥቼው ስትሮንቲየም ቁጭ ብሏል። 2.76 አንግስትሮም ላይ ያለው ኦክስጅን ግን ኤሌክትሮኑ 8 ብቻ ስለሆነ፣ ከባለ 38ቱ ስትሮንቲየም አጠገብ አልታይ ብሏል። በሚቀጥለው ፎቶኑን 10 እጥፍ አድርጌ እሱን አሳድዳለሁ።