ጅማ ላይ የት እንብላ? መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሥጋውን

ጅማ ውስጥ የት እንደሚበላ የሚወስነው የምግብ ቤቱ ስም አይደለም። ቀኑ ነው፣ ሰዓቱ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አብሮ ማዕድ የሚቀርበው ሰው ነው። ኦሮሞ፣ ዳውሮ፣ የም፣ ከፊቾ፣ ጉራጌ፣ ስልጤና አማራ ጎን ለጎን ከፍቶ በሚሠራበት ከተማ «ጥሩ ቤት የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሩቅ አያደርስም። እኔም ይህን ጥያቄ ትቼ ከሂርማታ መርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣ ከአጂፕ እስከ ኪቶ፣ ከዚያም ወደ ጅሬን፣ ሰርቦና ሰቃ እየወጣሁ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። እንዴት እንደሠራሁትና የት የት እንደተሳሳትኩ እነሆ።

የመጀመሪያው ስህተት አንድን ቤት በአንድ ቀን መፍረድ ነበር። ማክሰኞ ምሳ ላይ እጅ የሚያስቆረጥም ቤት ዓርብ ሌላ ቤት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ጉብኝት መደብኩ፦ አንዱ በአዘቦት ቀን ምሳ ላይ፣ አንዱ በጾም ቀን፣ አንዱ ማታ። በሦስቱም መጀመሪያ የማዘው ሽሮ ነው። ሽሮ በየቤቱ በየቀኑ ይሠራል፣ ዋጋውም አይከብድም፣ የወጥ ቤቱን ጠባይ ግን አይደብቅም። ሽንኩርቱ ሳይበስል ውሃ ከገባበት ጣዕሙ ይሳሳል። ዱቄቱ ከተበተነ በኋላ በደንብ ካልተንተከተከ ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን ተለይቶ ካልወጣ ቶሎ ወርዷል ማለት ነው። ሽሮ ላይ የቸኮለ ወጥ ቤት ቀይ ወጥ ላይም ይቸኩላል። የምደርሰው ከረፋዱ 5፡45 ገደማ ነው፤ 7፡30 ላይ የሚደርሰው የምድጃውን ሳይሆን የቀረውን ነው የሚበላው።

የት ልጀምር ለሚለው ደግሞ የባጃጅ ሾፌር ምክር ብዙም አልጠቀመኝም። ሾፌር የሚበላው ባጃጁን የሚያቆምበትና በአሥር ደቂቃ የሚጨርስበት ቦታ ነው፤ ለሽሮና ለፍርፍር ልክ ነው፣ ለሥጋ ግን አይሆንም። የጠቀመኝ መርካቶ ውስጥ ቅቤ የሚሸጡትን እናቶች መጠየቅ ነው። የትኛው ምግብ ቤት በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ እንደሚወስድ፣ የትኛው በሳሉን በርካሽ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ጨርሶ ቅቤ መግዛት እንዳቆመ ያውቃሉ። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ከመግዛቴ በፊት ጥቂት በጣቴ አሽቼ አሸታለሁ፦ ለጋው እንደ ወተት ይሸታል፣ በእጅ ሙቀት ወዲያው ይቀልጣል። የተደባለቀበት ግን ሰም ሰም ይላል፣ ጣት ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሥጋው። ጅማ ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ አንዱ ጨረቃ፣ ሌላው መስቀል በሩ ላይ ወይም መስታወቱ ላይ ይሥላል። ምግብ ቤቶች ግን ሁልጊዜ ምልክት የላቸውም፣ ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም፣ እንዲያውም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። «እናቴ፣ ሥጋው የማን ነው?» ሲባሉ «የሙስሊም ነው ልጄ፣ ላንተ ሽሮ ላድርግልህ?» የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ገበያ ውስጥ «የእስላም» የሚል ይሰማል፤ «የሙስሊም» ማለት ግን የሚሻልና የሚከበር አነጋገር ነው።

ጥብስ በኪሎ ሲታዘዝ ሥጋው ዓይናችሁ እያየ ይመዘን፤ አጥንቱ አብሮ መመዘን አለመመዘኑንም አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ጥሬው ሲጠበስ ሩብ ያህሉን ውሃና ስብ ሆኖ ያጣል። አንድ ኪሎ ለሦስት ሰው በደንብ፣ ለአራት ሰው በልክ ይበቃል። ለጥብስ ሽንጥ፣ ለቅቅል ጎድንና ቅልጥም ጠይቁ። የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ መሆኑን ማየትም አይከፋም፤ በተለይ ጥሬ የሚቆርጥ ሰው ይህን ሳያይ መብላት የለበትም፤ የኮሶ ትል የሚመጣው ካልተመረመረ ጥሬ ሥጋ ነው።

ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ሲወጡስ? ጅማ ላይ ጓደኝነት እንደዚህ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይነሳል። መጀመሪያ አካባቢ የጾም በያይነቱ አዝዤ ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር፤ አልተፈታም። ሥጋ የተጠበሰበት ድስት ታጥቦ ጎመን ከተሠራበት፣ ወይም ትናንት ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ዛሬ ድንች ላይ ከዋለ፣ የሚጠነቀቅ ሰው እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ የጾም ድስቱ ለብቻው ነው? ዘይቱስ? «ለብቻው ነው» ብለው ሳያመነቱ የሚመልሱ ቤቶች ደብተሬ ላይ በቀይ ተሠምሮባቸዋል።

ለእንዲህ ያለ ማዕድ ከሁሉም የሚሻለው ዓሣ ነው። የማን ቢላ ነው የሚባል ጣጣ የለውም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ከተማ ይገባል። ሙሉውን ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ ማለት ያስፈልጋል፦ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ሆዱ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ደህና ነው። ዓይኑ ነጭ ሆኖ ከጎደጎደ ለዱለትም አይሁን። ደረቅ ጥብስ ሲሆን ጎኑ በሦስት ወይም በአራት ቦታ መተልተል አለበት፤ ካልተተለተለ ላዩ ሲደርቅ አከርካሪው አጠገብ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ደግሞ ዓሣው መራራ ይሆናል፣ ሎሚም አያድነውም። በጾም ወራት ዓሣ መብላት አለመብላት እንደየሰው ነው፤ ፈላጊው ግን ስለሚበዛ ከ6 ሰዓት በፊት ካልደረሱ ያልቃል።

ሳምንቱን እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። ሐሙስ የሂርማታ ትልቁ ገበያ ነው። ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በፈረንጆች ከ1878 እስከ 1932 ከነበረው ግዛታቸው ጀምሮ፣ የሲራራ ነጋዴ የሚጎርፍበት ቀን ነበር። ዛሬም ቅቤው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ቆጮው፣ ጎደሬው የሚገባው ያን ቀን ነው። ረቡዕ ተጹሞ ስለሚውል ክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሐሙስ ጠዋት አዲስ ሥጋ ይሰቅላሉ። ለሥጋ ከሐሙስ የተሻለ ቀን የለም፤ ግርግሩን ለማምለጥ ግን ወይ ከ5፡30 በፊት ወይ ከ8፡30 በኋላ። በጣም አስቸጋሪው ዓርብ ቀትር ነው። ክርስቲያን ቤቶች ጾም ላይ ናቸው፣ ሙስሊም ቤቶች ደግሞ ከ6፡30 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ለጁምዓ ይዘጋሉ ወይም ወጥ ቤቱን ለአንድ ልጅ ትተው ይሄዳሉ። ዓርብ ሥጋ የሚፈልግ ወይ 5፡30 ላይ ይቅረብ ወይ እስከ 8፡30 ይታገሥ። በሁዳዴና በፍልሰታ ክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ መርካቶ ጸጥ ይላል፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ግን ሳምቡሳው በየደጁ መጠበስ ይጀምራል። ከዘይት በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢበላ ነው፤ ተደራርቦ ከተቀመጠ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል።

ለቁርስ መርካቶ ነው። የፉል ቤቶች ከ12፡30 ጀምሮ ይከፍታሉ። ባቄላው አዳሩን ተዘፍዝፎ፣ ቀስ ብሎ የተቀቀለ ከሆነ በማንኪያ ጀርባ ሲነኩት ይፈርሳል፣ ቅርፊቱም አፍ ላይ አይቀርም። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ድስቱ ላይ ውሃ እየተጨመረ ይሰፋል፤ ቀጥኖ ከመጣ ሰዓቱ አልፏል። ጨጨብሳ ለመብላት ደግሞ ቂጣው ለናንተ ሲጋገር የምታዩበትን ቤት ምረጡ። በስስ ተጋግሮ፣ ገና እየሞቀ በእጅ ተቆራርሶ፣ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ከታሸ በኋላ ማር ሲጨመርበት ነው ጣዕሙ። ትናንት የተጋገረ ቂጣ ቅቤውን አይጠጣም፤ ቅቤው ሳህኑ ግርጌ ይጠራቀማል። ሌላው መፈተኛ መቆየት ነው፦ ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ላይ ነጭና ወፍራም ሽፋን ከረጋ፣ ውስጡ የሚረጋ ዘይት አለበት። ንጥር ቅቤ ሲረጋ ቢጫነቱን አይለቅም፣ የኮረሪማና የኮሰረት ሽታውም ይኖራል።

እንጀራውን ችላ ብዬ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ጅማ በቆሎና ማሽላ በብዛት ያለበት አገር ስለሆነ ድብልቅ እንጀራ የተለመደ ነው፣ ነውርም የለውም። ትኩስ ሳለ ያምራል፤ ማታ ላይ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ወጥም አይዝም። ስለዚህ በድብልቅ የሚሠሩትን ቤቶች ለምሳ፣ የጤፍ እንጀራ የሚያቀርቡትን ለራት ብዬ ለየኋቸው።

ከከተማ ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣ ሰው ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳልና ምሳውን ወይ በልቶ ይውጣ ወይ ሲመለስ ይብላ፤ እዚያ ላይ ከሻይና ከቡና ሌላ ተማምኖ መሄድ አይቻልም። በሰቃና በዴዶ በኩል እንሰት አለ። ቆጮው በጎመን፣ በአይብና በዳጣ ሲቀርብ ከከተማው ክትፎ ቤት ቆጮ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ከጉድጓድ ወጥቶ ሳይቆይ ስለሚጋገር ነው። በቀጭኑ ተጋግሮ ላዩ ቡናማ ነጠብጣብ ማውጣት አለበት። ጎምዛዛነቱ አፍንጫ ከደረሰ ቆይቷል። በእነዚህ ትናንሽ ከተሞች ዋናው ችግር ሰዓት ነው፤ የገበያ ቀናቸውን ጠይቆ በዚያ ቀን መሄድ እንጂ በሌላ ቀን ከ7 ሰዓት በኋላ የሚገኘው ሻይና ዳቦ ሊሆን ይችላል።

ማር ካነሳን አይቀር፣ ከጫካው የሚመጣው ነጩ፣ ንቦች ከገተማ ዛፍ አበባ የሚሠሩት የገተማ ማር ነው፤ የብሳናው ጠቆር ይላል። ብርዝ የሚጠጣ ሰው «የዛሬ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጌሾ ባይገባበትም ካደረ መፍላት ስለሚጀምር፣ አልኮል የማይቀምስ ሰው ያደረውን አይነካውም። የአቮካዶ ጭማቂ ደግሞ ያለ ውሃ እንዲመታ ማዘዝ ነው። ማንኪያ ካልቆመበት ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃው ደግሞ ከየት እንደተቀዳ ማወቅ አይቻልም፤ ታይፎይድና አሜባ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዚያ ነው።

አሥር ሆነን፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅለን ስንወጣ አሁን የማደርገው ይህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ሄጄ ለአሥር ሰው አሥር መካከለኛ ቆሮሶ፣ አራት ሽሮ፣ ሁለት የጾም በያይነቱ፣ ሃያ እንጀራ አዛለሁ፤ ዘይቱ አዲስ እንዲሆን ዋጋውን ቅድሚያ እከፍላለሁ። ሥጋ የሚፈልግ ካለ ለብቻው ትሪ፣ ለብቻው ቢላ፣ ከየራሱ ሥጋ ቤት። ቡናው ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ ከምታፈላው እህት ዘንድ ነው፤ እዚያው ፊት ለፊት ሲቆላ የሚያዩት ቡና። ጀበናው ከእሳት ወርዶ አተላው እስኪዘቅጥ ጥቂት ደቂቃ ዘንበል ብሎ መቀመጥ አለበት። አቦሉ ደፍርሶ ከመጣ ተቻኩላለች ማለት ነውና ስኒውን ሳይነኩ ትንሽ ማቆየት ይበቃል፤ አተላው ታች ይቀመጣል።