ንግዱ የእናት፣ ስልኩ የልጅ

ድሬዳዋ ውስጥ ሕግ በማስተምርባቸው ዓመታት ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ በአንድ የምርምር ፕሮፖዛል ግምገማ ላይ የተሰነዘረው ነው። ርዕሴ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት የሚል ነበር። በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጡን አንድ ገምጋሚ ከመጀመሪያው ገጽ ሳያልፉ ወረቀቱን አጠፉትና «ይህ የፈረንጅ ጭንቀት ነው፤ መብራት እየመጣ በሚሄድበት አገር የአልጎሪዝም፣ ማለትም የኮምፒውተር ቀመር፣ አድልዎ ማጥናት ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞም ማሽን ወገን የለውም» አሉኝ።

በአክብሮት መልስ ሰጠሁ። ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ የተወለደችው ቲምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ለገበያ የቀረቡ የፊት መለያ ሥርዓቶች የጠቆሩ ሴቶችን ጾታ ሲለዩ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ግን ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንዳላለፈ አስረዳሁ። የኔዘርላንድን ነገርም አነሣሁ፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን በሕፃናት መዋያ ድጎማ አጭበርባሪ አድርጎ በመፈረጁ የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥልጣን እንደለቀቀ፣ ወላጆቹን የፈረጀውም ሰው ብቻ ሳይሆን የተጠርጣሪነት ነጥብ የሚሰጥ ሶፍትዌር ጭምር እንደነበረ ተናገርሁ። «ይኸው፣ ሁሉም የውጭ ነው» አሉ። ፕሮፖዛሉ «ርዕሱ ከአካባቢው ችግር ጋር ይያያዝ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰልኝ።

የአካባቢው ችግር በነጻ የሕግ ድጋፍ መስጫችን በኩል ራሱ በሩን ከፍቶ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ወደዚያ የሚመጡልን ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ የቀለብ፣ የውርስ፣ የቤት ኪራይና ያልተከፈለ ደመወዝ ናቸው። እኚህ ባለጉዳይ ግን መጋላ ሰፈር ውስጥ ድርያ፣ ሽቲና ሻሽ የመሳሰሉ የሴት ልብሶች የሚሸጡ፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸውም አብሯቸው ነበር። ገና ሳይቀመጡ «አቦ፣ እኔ የሰው ብር በልቼ አላውቅም» አሉ። «ሴቶቹ የዕቁብ ዳኛ አድርገውኛል። ሰው ሁሉ ያመነኝን ይሄ ስልክ ለምን አያምነኝም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባንክ ያለ ማስያዣ በስልክ የሚሰጠው ብድር አለ፤ ማን ይበደር፣ ስንት ይበደር የሚለውን የሚወስነው የስልኩን የገንዘብ እንቅስቃሴ የሚመዝን ሥርዓት ነው። እሳቸው ለረመዳን ዕቃ ማስገቢያ ሲጠይቁ «መመዘኛውን አላሟሉም» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ልጁ ደግሞ ሳይጠይቅ ብድር እንደተፈቀደለት የሚገልጽ መልእክት መጣለት፤ የባጃጁን ጎማ የገዛው ከእናቱ ተበድሮ መሆኑን ግን ሥርዓቱ ሊያውቅ አይችልም።

ተያይዘን ወደ ቅርንጫፉ ሄድን። ያነጋገረን የብድር ባለሙያ ትሑት ወጣት ነበር፤ ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ በአእምሮዬ የቀረውም ከእርሱ ጋር ያደረግነው ንግግር ነው።

«ለምን ተከለከሉ?» አልሁት።

«ሲስተሙ ነው የከለከለው፤ እኛ አይደለንም።»

«ሲስተሙ ምን አይቶ?»

«በስማቸው ባለው ቁጥር ላይ የገንዘብ ዝውውር የለም ማለት ይቻላል። ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አላገኘም።»

ልጁ ፈቃዱን ሰጥቶ ስልኩን ከፈተና የራሱን ዝርዝር አሳየው። ባለሙያው ጣቱን እያንሸራተተ «የሱማ በጣም ጥሩ ነው» አለ። «በየቀኑ ይገባለታል። ዓርብ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቆም ይላል እንጂ ሌላ ክፍተት የለውም። ከዒድ በፊት ያሉት ቀናት ላይማ እጥፍ ድርብ ሆኗል።»

እናትየው መነጽራቸውን አውጥተው ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያም ጣታቸውን በስልኩ ላይ አሳርፈው «ይሄ እኮ የኔ ረመዳን ነው» አሉ። «ባጃጅ ለዒድ ምን ይሸጣል? ዓርብም ቢሆን ለሶላት ሱቄን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ እሱማ መስጊድ አድራሽ ስለሚበዛለት ዓርብን ይወደዋል።»

ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። የሱቁ ሲም ካርድ የወጣው ከዓመታት በፊት ነው፤ እናቱ ሱቅ ጥለው መሄድ ስላልቻሉ እሱ በራሱ መታወቂያ አስመዝግቦ አመጣላቸው። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የክፍያ ቁጥር የእሱ ነው። ደንበኛ ሁሉ የሚከፍለው በዚያ ነው፤ ማታ ማታ ልጁ ገንዘቡን አውጥቶ ለእናቱ ያስረክባል። እሳቸው በስማቸው ያላቸው ቁጥር ከዘመድ አዝማድ ጋር የሚነጋገሩበት ብቻ ነው።

ባለሙያው ዝም ብሎ ቆየና «እማማ፣ እኔ እርስዎን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅዎታለሁ» አላቸው። «የእኅቴን የሠርግ ልብስ ከእርስዎ ነው በዱቤ የወሰድነው። በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ አበድርዎት ነበር። ግን እኔ ጋ የሚመጣው ተፈቅዷል ወይም አልተፈቀደም የሚል ብቻ ነው፤ ምክንያቱ አይመጣም፣ ማስተካከያም የለኝም።»

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥን ሰዎች ሁሉ ንግዱ የማን እንደሆነ አውቀናል። ለማወቅ ያልታደለው ውሳኔውን የሚሰጠው ሥርዓት ብቻ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሥልጣኑን ተነጥቋል። ማሽን ወገን የለውም የሚለውን አባባል ከልቤ የምቃወመው ስለዚህ ነው። ሥርዓቱ ሴትን ለይተህ ከልክል ተብሎ አልታዘዘም፤ መዝገቡ ቀድሞውኑ በወንዱ ስም ስለተከፈተ ግን ያለ ትእዛዝ ያንኑ ይሠራል። እናትየውም ይህን ለማረጋገጥ ማንንም አልጠበቁም። በሚቀጥለው የዕቁብ ቀን እያንዳንዷን ሴት ጠይቀው፣ የሱቃቸው መክፈያ ቁጥር በባል፣ በወንድም ወይም በልጅ ስም የሆነባቸው ብዙዎች እንደሆኑና እነሱም እንደተከለከሉ ነገሩኝ። አድልዎን ለማስረዳት ሁለት ሰዎችን ማነጻጸር እንደሚያስፈልግ በክፍል ውስጥ እናስተምራለን፤ በስልክ ለየብቻ የተከለከሉ ሰዎች ግን አንዳቸው የሌላቸውን አያውቁም፤ እዚህ ያገናኛቸው ዕቁቡ ነው።

በሕጉ በኩል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ሰጪን ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ የሚገዛው ግን የመንግሥት አስፈጻሚ አካላትን እንጂ የግል ባንክን አይደለም። የተሻለ ተስፋ ያለው በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ውስጥ ነው፤ ይህ ሕግ ሰው ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት በማሽን ብቻ ከሚሰጥ ውሳኔ እንዲጠበቅ መብት ይሰጣል፣ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና እንዲያስተካክልም ይፈቅዳል። ሆኖም ለባንኩ የምናቀርበውን አቤቱታ ስንጽፍ ከአንድ እንቅፋት ጋር ተጋጨን። መብቱ የተሰጠው መረጃው ለሚመለከተው ሰው ነው፤ የእናትየው የዓመታት ንግድ ደግሞ በመዝገብ የልጁ መረጃ ነው። የፋይዳ ቁጥራቸው ማንነታቸውን ያረጋግጣል እንጂ ንግዱ የእሳቸው መሆኑን አያረጋግጥም። ሥርዓቱ ያላያቸውን ሴት ሕጉም በዚያው መዝገብ በኩል ብቻ ሊያያቸው ነው። ሲሙን ወደ ስማቸው ማዛወር ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው እንደነገረን ነጥቡ እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ አቤቱታውን በሁለቱም ስም ጻፍን። ልጁ መረጃው በስሙ የተያዘ ሰው ሆኖ ፈረመ፣ እናቱ የንግዱ ባለቤት ሆነው ፈረሙ። ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመጠቀም መብት እንዳላቸው የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ጠቀስን፤ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በቡድን ፍትሕ እንዲጠይቁ የሚፈቅደውን አንቀጽ 37ን ደግሞ ለዕቁቡ ሴቶች አቆየነው። የኔዘርላንዱ የሄግ አውራጃ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ሲሪ (SyRI) የተባለውን የመንግሥት የተጠርጣሪ መለያ ሥርዓት ሕገ ወጥ ያለው በማኅበራት አቤት ባይነት ነበርና፣ ለእኛም መንገዱ በዚያ በኩል ይመስለኛል።

ባንኩ በአንድ አንቀጽ መለሰ፤ ውሳኔው «በውስጥ መመዘኛ መሠረት» የተሰጠ ነው ይላል። ሁለተኛውን ደብዳቤ አስገብተን እየጠበቅን ነው። እናትየው ያን ረመዳን ዕቁብተኞቹ ተራቸውን ለቀውላቸው ዕቃቸውን አስገብተዋል። አቤቱታውን ይተዉት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ብሩን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደከለከሉኝ ግን በወረቀት ይጻፉልኝ» ብለውኛል።

ፕሮፖዛሉ እንደገና ቀርቦ ጸድቋል። ያን አስተያየት የሰጡት ገምጋሚ ዘንድሮ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ፍትሕ በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ የመክፈቻ ንግግር አድርገዋል፤ እኔም አዳራሹ ውስጥ ሆኜ አዳምጫለሁ፤ ጉዳዩ የእኛም ነው ማለታቸው ተገቢ ነው። ያኔ የዘገየው ጊዜ ግን ለእነዚያ ሴቶች ያለ ብድር ያለፈ ወቅት ነው፤ ይህን መናገር ግዴታዬ ነው።

በድጋፍ መስጫችን የባለጉዳይ ቅጽ ላይ አሁን ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ። ተማሪዎቼ ማንኛዋንም ነጋዴ ሴት ሲያነጋግሩ የምትሸጥበት ስልክ በማን ስም እንደወጣ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ያንን ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛ እንድትመጣ ይነግሯታል።