ረቡዕ ላይ የቀረው ውዳሴ ማርያም

በቅርቡ አንድ እሑድ የንስሐ አባቴ ጸበል ሊረጩልን ቤት መጡ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ብቅ ሳይሉ አይቀሩም። ረጭተው ሲጨርሱ አረፍ አሉና መደርደሪያው ላይ ያለውን፣ ለሳምንቱ ሰባት ቀናት ተከፋፍሎ የሚጸለየውን ውዳሴ ማርያም አንሥተው ገለጡት። ከመሃሉ ዕልባት ያደረግኩት የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡት። ቀኑን አዩት። ጥቅምት 12።

አሁን መጋቢት ነው።

ደረሰኙ የነበረበትን ገጽ አዩና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ረቡዕ ላይ ቀርተሻል» አሉኝ።

እንጀራዬ ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ላይ ያለ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። ከጽጌ ጾም እስከ ዐቢይ ጾም፣ አምስት ወር።

የሚገርመው በዚያ አምስት ወር ከቤተ ክርስቲያን አልጠፋሁም። እንዲያውም ቤቴ እዚያው ነበር ማለት ይቻላል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሒሳብ ክፍል ነኝ። ረቡዕ ማታ የክፍል ስብሰባ አለ። ቅዳሜ መዝሙር ጥናት አለ። ወር በገባ በ21 የጽዋ ማኅበር አለ። ለጉዞው ገንዘብ የምሰበስበው እኔ፣ አውቶቡስ የምከራየው እኔ፣ ቴሌግራም ላይ «እባካችሁ ያልከፈላችሁ» እያልኩ የምነዘንዘው እኔ። እሑድ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሁልጊዜም ቆሜ ነው የሚያገኘኝ። ግን አዳራሽ ውስጥ፣ ዳቦ እየቆረስኩ።

ስብሰባችን በጸሎት ይከፈታል፤ በጸሎት ይዘጋል። ይኼ አታሎኛል መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ጸሎት ሲከፈትና ሲዘጋ ስለምሰማ የጸለይኩ ይመስለኝ ነበር። በሥራ ብዛት የባከነችውን የማርታን ታሪክ ለሕፃናት ክፍል ሳስተምር እንኳ፣ በሌላ ሰው ላይ እንደሚነገር ነገር ነው የማወራው።

«አባ፣ ጊዜ እኮ አጣሁ» አልኳቸው።

እንደ መቆጣት ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። «ሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አሉ። 2 ተኩል። «ምሳስ?» 6 ተኩል። «መውጫሽ?» 11 ተኩል። ጣታቸውን እያጠፉ የጸሎት ጊዜያቱን መቁጠር ጀመሩ። ነግህ፣ ማለዳ፣ ቤትሽ ነሽ። 3 ሰዓት ቢሮ ነሽ። 6 ሰዓትም፣ 9 ሰዓትም እዚያው ነሽ። 11 ሰዓት ልትወጪ ስትይ ነው። መኝታና መንፈቀ ሌሊት ደግሞ ያንቺ ነው። «ሰባቱም አሉሽ። የጠፋ ሰዓት የለም» አሉ።

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በልጅነቴ ተምሬያቸዋለሁ። «ሰባት ጊዜ በቀን» የሚለው መዝሙር 118 ላይ እንዳለም አውቃለሁ። ግን ሁልጊዜ የገዳም ነገር አድርጌ ነው የማስባቸው። ማታ የሐዋርያት ሥራን ገለጥኩ። ምዕራፍ 2 ላይ መንፈስ ቅዱስ የወረደላቸውን ሰዎች «ሰክረዋል» ብለው ሲያሟቸው፣ ጴጥሮስ «ገና ከቀኑ 3 ሰዓት ነው» ይላል። ምዕራፍ 3 ላይ ከዮሐንስ ጋር በጸሎት ጊዜ በ9 ሰዓት ወደ መቅደስ ይወጣል። ምዕራፍ 10 ላይ በ6 ሰዓት ሊጸልይ ጣሪያ ላይ ይወጣና ይርበዋል። ስድስት ሰዓት ላይ የራበው ሐዋርያ! ይቺን እንዴት እስከዛሬ አላየኋትም?

በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ይኼን ሲያነብ ማስላት አለበት። እኛ ግን ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን ሰዓት ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። የእኛ 9 ሰዓት የጴጥሮስ 9 ሰዓት ነው። ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት 9 ሰዓት ነው። ለእኔ ግን እስካሁን የሚያንቀላፋኝና ቡና የምፈልግበት ሰዓት ብቻ ነበር።

ሰኞ ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞላሁ። 3፣ 6፣ 9። ድምፁን መዝሙር አደረግኩት፤ ስሕተቴ እሱ ነው። 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረን። ኃላፊያችን ስለ በጀት እያወሩ በከበሮ የታጀበ መዝሙር ከቦርሳዬ ለቀቀው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስልኩን ፍለጋ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አቡነ ዘበሰማያት ቀርቶ በስመ አብም አላልኩ። ከዚያ በኋላ ንዝረት ብቻ ነው።

6 ሰዓት ላይ ፋይል ክፍል እገባለሁ። ጠባብ ናት፤ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አላት። ሥራ ያለኝ ለማስመሰል ፋይል እይዝና በመደርደሪያዎቹ መሃል እቆማለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? አንድም አይሞላም። ለክቼ ነው፤ መለካቴ ራሱ ያሳፍራል። አንድ ደቂቃ ያጣሁት እኔ፣ ለቴሌግራሙ ግሩፕ በቀን ስንት ደቂቃ እንደምሰጥ ግን ለክቼ አላውቅም።

ሐሳቤ ደግሞ አይሰበሰብም። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ስል ሆዴ ይጮሃል። እንደ ጾም ሥርዓቱ እስከ 9 መቆየት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም፣ በ6 ተኩል ሽሮዬን እበላለሁ። «ኅድግ ለነ አበሳነ» ስል ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ ይመጣብኛል። አንዳንድ ቀን ከየት እንደጀመርኩ ይጠፋኝና መልሼ ከላይ እጀምራለሁ። ይኼም ጸሎት ይባላል ወይ ብዬ ለአባ ደወልኩላቸው። «አንቺ ቁሚ» አሉና ሌላ ጥሪ እየመጣባቸው ስለነበር ዘጉት።

11 ሰዓትን ገና አልያዝኳትም። ሁሌ ትዘገይብኛለች። አንዳንዴ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ትደርሰኛለች፤ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ እላታለሁ። ከኋላዬ የቆመው ሰው «እሙዬ፣ ወደፊት ጠጋ በይ» እስኪለኝ።

መንፈቀ ሌሊቱን ተዉት። እንቅልፍ ነው።

ውዳሴ ማርያሙን ግን ጠዋት ቡና ሲፈላ እያደረስኩ ነው። ደረሰኙን አልጣልኩትም፤ ዕልባቴ ሆኖ አለ። ትናንት ረቡዕ ላይ ነበር፣ ትክክለኛው ረቡዕ ላይ። ዛሬ ሐሙስ ላይ ነው። ቅዳሜን እንጃ፤ ቅዳሜ በጠዋት የጉዞ ኮሚቴ ስብሰባ አለን።