ፎርማት

ዛሬ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ላፕቶፔ ላይ ተንኮል ሠራብኝ። አይከኑን ብነካው ብነካው አልከፍት አለ። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። በ2002 ዓ.ም.፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ እዚሁ ድሬዳዋ የሠራሁት ተንኮል ነው።

ኮምፒውተር ላብ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነበር። ለአቧራው ነው ይሉናል። በድሬ ሙቀት የአንድ ክፍል ተማሪ ካልሲ ግን ከአቧራው ይብሳል። አንድ ቀን የዊንዶውስ ኤክስፒውን ዴስክቶፕ በፕሪንት ስክሪን አነሳሁ፣ ፔይንት ላይ ለጠፍኩ፣ ባክግራውንድ አደረግኩት። ከዚያ እውነተኞቹን አይከኖች ደበቅኳቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ራይት ክሊክ አድርጎ መልሶ ማውጣት ይቻላል።

የላቡ ቲቸር መጣ። ማውሱን ገልብጦ ኳሷን አወጣ፣ ጠረጋት፣ መለሳት። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ያው ነው። ዩኒት ሊደሩ ጎማውን እንደያዘ ከጀርባ ቆሟል። «ቫይረስ ነው» አለ ቲቸር። ያኔ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ስለሚዞር ማንም አልተጠራጠረም። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ፎርማት። «ቲቸር፣ ፎቶ እኮ ነው» ማለት ነበረብኝ። ጎማውን አየሁና ዝም አልኩ።

ፎርማቱ የእኔን ተንኮል ብቻ አልበላም። አንዲት የክፍላችን ልጅ ለሚኒ ሚዲያ የምታቀርበውን ጭውውት በፓወር ግዕዝ፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመች፣ ሁለት ሳምንት ስትተይብ ከርማለች። አብሮ ሄደ። ስታለቅስ ሳያት አላስቻለኝም፤ ለቲቸር ብቻ ሄጄ ነገርኩት። የላቡን በር ዘጋና «እስቲ አሳየኝ» አለ። አሳየሁት። አፉን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለ። «ራስህ ትተይብላታለህ።»

ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት እሷ ከደብተሯ ታነባለች፣ እኔ እለቅማለሁ። «አቦ ፍጠን እንጂ! ከአያቴ ትብሳለህ» ትለኛለች።

ዩኒት ሊደሩ ጆሮ አልደረሰም። ወር ያህል ቆይቶ ግን የእሱ ቢሮ ኮምፒውተር ስክሪኑ ተዘቅዝቆ ተገኘ። ኮንትሮል፣ አልት፣ ወደ ታች ቀስት። ሰውየው አንገቱን አጣሞ ሲያነብ በመስኮት አየነው። ቲቸር አስጠራኝ።

«አንተ ነህ?»

«ወላሂ አይደለሁም ቲቸር!»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ የማውስ ኳሷን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ።