አራቱ ያልደበዘዙ ፍሬዎች

ሐረር ጁጎል ውስጥ ብር ሠሪ ቤት ከገባሁ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ሱቃችን ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ከሚወስደው፣ «መኪና ግርግር» ከሚባለው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ነው፤ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። በሰባት ወር ውስጥ ብየዳውን ለምጄ፣ ጉጠቱ እጄ ላይ ቀልሎኝ፣ «አሁንማ አንጥረኛ ነኝ» ማለት ጀምሬአለሁ። ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ልክ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ጥሬ ብር ሊያመጡ ድሬዳዋ ወረዱ። ሱቁ ለእኔ ቀረ። ረፋድ ላይ አንዲት ሐረሪ እናት ሐብል በመሐረብ ቋጥረው መጡ።

«ልጄ፣ እሑድ የልጅ ልጄ ሰርግ ነው። ይሄን ብር አብራልኝ። የእናቴ ነው፤ ለእሷም ከእናቷ የመጣ። በዘይላ ወደብ በኩል በግመል የገባ ነው ይላሉ።»

ፈታሁት። ብሩ ጠቁሯል፤ እንደ ምጣድ ጀርባ ሆኗል። በብሩ መሃል መሃል ቀያይ ፍሬዎች ተሰክተዋል፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ከእነሱ ጎን ማሽላ የሚያካክሉ ነጫጭ፣ አንዳንዳቸው ጠማማ፤ መሃል ላይ ደግሞ ቴምር የምታክል ቢጫ አምበር። ምንም አልጠየቅኩም። እሳቸው «ብሩን» ነው ያሉት፤ እኔም የሰማሁት ብሩን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ለእኔ ድንጋይ ነበር።

ደንቡ ክሩን ፈትቶ፣ ፍሬዎቹን በተራቸው ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ ብሩን ለብቻው ማጠብ ነው። ያን ሁሉ ፈትቶ መልሶ መሰካት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰነፍኩ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ሎሚ ጨመቅኩ፣ ጨው በተንኩ፤ ቶሎ እንዲይዝ ብዬ ደግሞ ከብየዳ በኋላ ጥቁረት ከምናወርድበት አሲድ ትንሽ ጠብ አደረግኩበት። ሐብሉን እንዳለ ነከርኩት።

ወዲያው ከቀያዮቹ ላይ ደቃቅ አረፋ መነሳት ጀመረ። መርፌ ጫፍ የምታክል አረፋ ከፍሬው ትላቀቅና ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሌላ ትከተላለች። ጎንበስ ብዬ እያየሁ ደስ አለኝ፤ «ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» አልኩ ለራሴ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ተመለስኩና አወጣሁት። በእንዶድ አረፋና በብሩሽ ሳሸው ብሩ ጨረቃ ሆነ። ቀያዮቹ ግን ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለዋል። ልጥረጋቸው ብል አይጠረግም፤ አቧራ አይደለም፣ ራሱ ፍሬው ነው የገረጣው። ነጫጮቹ ያቺ ከውስጥ የምትመጣ የምትመስለው ብርሃናቸው ጠፍታ ኖራ መስለዋል። አምበሩ ምንም አልሆነም። ከሃያ ሦስቱ ቀያዮች አራቱም ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ከጠዋቱ ይልቅ ፈክተው ያበራሉ። ያን ጊዜ ግን «ለምን አራቱ ብቻ?» ብሎ የሚጠይቅ ልቦና አልነበረኝም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ስጽፈው አሁንም አፍራለሁ። ከጎረቤት ሱቅ የፀጉር ዘይት ገዛሁና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቀባኋቸው። የገረጣው ቀይ ዘይት ሲነካው መልኩ ይመለሳል፤ እርጥብ ድንጋይ ከደረቁ ይልቅ እንደሚደምቀው። በመሐረቡ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። መሐረቡን ፈቱ፣ ሐብሉን አነሱ፣ ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አሻሹ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ምን ቀባኸው?»

«ምንም።»

አልተቆጡም። ኪሳቸው ገብተው ብር አወጡና «ሂድ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ገዝተህ ና» አሉኝ። ከመንገድ መጥተው ርቧቸው ይሆናል ብዬ ሮጥኩ። እንቁላሉን ላጡትና እኔን «ብላ» አሉኝ። ቅርፊቱን ግን ያ ጠዋት ያዘጋጀሁት ውሃ ውስጥ ጣሉት። አረፋው ተነሳ። ያቺው የመርፌ ጫፍ፣ ያቺው አወጣጥ።

«ጠዋት ያየኸው ይሄን ነው?»

እንቁላሉ አፌ ውስጥ ነው፤ አልዋጥ አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ያስተማሩኝን ያህል በሰባቱ ወር አላስተማሩኝም። ቀያዮቹ መርጃን ናቸው፤ መርጃን፣ ኮራል የሚሉት፣ ድንጋይ አይደለም፤ ባሕር ውስጥ ተጣብቀው የሚኖሩ ደቃቅ እንስሳት የሠሩት አጽም ነው። ነጫጮቹ ሉል ናቸው፤ ሉልም ድንጋይ አይደለም። የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነ ባለ ቅርፊት እንስሳ ነው የሚሠራው፤ ጥገኛ ትል ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ገብቶ ሲያስቸግረው ቅርፊቱን በሚሠራበት ነገር ደራርቦ ይሸፍነዋል። የሁለቱም ዋና ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትም፣ የኖራ ድንጋይም ያው ናቸው። አሲድ ሲያገኛቸው ይሟሟሉ፤ የሚወጣው አረፋ ቆሻሻ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እኔ ሻይ ስጠጣ የሴትየዋ እናት ሐብል ጋዝ ሆኖ እየበነነ ነበር ማለት ነው።

አምበሩ የተረፈው የዛፍ ሙጫ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ተለቅሞ፣ በተለይ ከባልቲክ ባሕር፣ ቢመጣም የባሕር ልጅ አይደለም፤ በጣም ብዙ ሚሊዮን ዓመት የቆየ ሙጫ ነው። ደካማ አሲድ ያልነካው አልኮል ቢነካው ግን ፊቱ ይበላሻል። የወሎው የደላንታ ኦፓል ድንጋይ ደግሞ ከመሬት ወጥቶም ውሃ ይጠጣል፤ ዘይት ቢነካው ይመጠዋል። «ድንጋይ ድንጋይ ነው» ብሎ ነገር በዚህ ሥራ ላይ አይሠራም።

ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሉሎቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ አዩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ጃፓናዊው ሚኪሞቶ በ1893 እ.ኤ.አ. ሉልን በሰው እጅ ማራባት ከቻለ ወዲህ ገበያውን የሞላው የተራባ ሉል ነው አሉኝ። በተራባው ክብ ሉል ውስጥ ከቅርፊት የተሞረደ ኳስ አለ፤ በቀዳዳው በኩል ሲታይ ኳሱና ሽፋኑ የሚገናኙበት መስመር ይለያል። የእኚህ እናት ሉሎች ውስጥ መስመር የለም። የተፈጥሮ ናቸው። ድሮ ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች ያወጡት፣ ምፅዋ ላይ ባንያን የሚባሉ የሕንድ ነጋዴዎች የሚገዙት የነበረው ዓይነት ይሆናሉ ወይም ከዚያም ማዶ የመጡ። ልቤ የባሰ ወረደ። (የቤተ ክህነት ሰዎች ሉልን በግእዝ «ባሕርይ» እንደሚሉት ያወቅኩትም ያን ቀን ነው፤ ከባሕር የመጣ ማለት ነው። ስሙ ራሱ እየነገረን ነበር።)

«መርጃኑ ይድናል» አሉ ጋሼ። «ውስጡም ውጪውም አንድ ቀለም ነው፤ ፊቱን ትንሽ ብናነሳለት ይመለሳል። ሉሉ ግን እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ የተደረበ ነው። ላዩ ከተበላ ማን ይደርብለታል?»

ቀጥሎ ጣታቸው አራቱ ላይ ቆመ። አንዱን ጥርሳቸው ላይ አሻሹት፣ ብርሃን ላይ አዙረው አዩት፤ ውስጡ ክብ የአየር ነጠብጣብ አለ። «ብርጭቆ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አሥራ ዘጠኙን መርጃን ስወለውል ዋልኩ። ክሩን ፈታሁ፤ ሐሙስ የሰነፍኩበትን ያንኑ ሥራ ማለት ነው። መጀመሪያ ዘይቱን በሳሙና አስለቀቅኩ። ከዚያ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ፣ በመጨረሻ በቆዳ። በማሽን እንዳልነካው ጋሼ ከልክለውኛል። መርጃን ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጥንካሬ መለኪያ ከ3 እስከ 4 ነው፤ መንገድ ላይ የሚነሳው አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ እንኳ ይቧጭረዋል። ማታ ላይ ጣቶቼ ቀልተው ፍሬዎቹም ቀልተው ነበር። ትንሽ ቀንሰዋል፤ በዓይን አይለይም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናትየዋ መጡ። ጋሼ ወንበር ሰጧቸውና ወደ እኔ ዞረው ዝም አሉ። እኔው ነገርኳቸው፤ አሲዱንም፣ ሻዩንም፣ ዘይቱንም። ሉሎቹ እንደማይመለሱም። ጋሼ የእጅ ዋጋ እንደማይቀበሉና የሉሎቹን ኪሳራ እሳቸው በሚሉት እንደምንጨርስ ጨመሩ። የእኔ ደመወዝ መሆኑን አውቄአለሁ።

እናትየዋ ሐብሉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ፍሬዎቹን እንደ ሙስባሃ በጣታቸው አሳለፉ። ሉሎቹ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አቦ፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ እነሱም ያርጁ» አሉ። ቀጠሉ። አንድ ቀይ ፍሬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው።

«እነዚህን አሲዱ አልነካቸውም አልክ?»

«አልነካቸውም፣ እማማ።» ምክንያቱን ለመናገር ፈርቼ ጋሼን አየሁ፤ ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ።

ሴትየዋ በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ጎረቤት ሲሄዱ እሳቸው ሐብሉን አጥልቀው ሲጨፍሩ ክሩ ተበጠሰ፤ አራት ፍሬ ውሃ መውረጃው ውስጥ ገባ። ቡና ግዢ ተብሎ በተሰጣቸው ሳንቲም ከጊድር መጋላ አራት የብርጭቆ ዶቃ ገዝተው፣ ሌሊት በኩራዝ ሰኩት።

«እናቴ እስክትሞት አላወቀችም» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝና ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንተ እንዲያበሩ ዘይት ቀባህ? የእኔዎቹ በጣም አብርተውብኝ አመድ ነው ያሸሁባቸው።»