ትርፍ የተባልኩ ጊዜ

ነጋዴ ሲያተርፍ ይስቃል። መምህር «ትርፍ» ሲባል ሻንጣውን ያዘጋጃል። እኔ ይሄን ቃል በደንብ ያወቅሁት ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ በ4ኛው ዓመት ነው።

የእኛ ትምህርት ቤት አካባቢ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተና ብዙ ተማሪ ወደዚያ ሄደ። ሴክሽን ቀነሰ፣ ፔሬድም አብሮ ቀነሰ። ባዮሎጂ ሦስት ነበርን፤ ሎዱ ሲቆጠር ለሁለት ሰው ብቻ በቃ። መንግሥት በእንዲህ ያለ ጊዜ መምህር አያባርርም፣ «ያመጣጥናል»። ማመጣጠን ማለት አንዳችን ከከተማ ወጥተን ባጃጅ የማይደርስበት ቦታ እናስተምራለን ማለት ነው። ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ክረምት ከበጋ አይልም፣ ከአስፋልት ወረድ ካላችሁ ጭቃው ጫማ ይቀማል።

ከሦስታችን አንዱ ጋሼ ነበሩ። ስማቸው ይቆየን፣ ስታፉ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። 28 ዓመት አስተምረዋል። ሁለተኛዋ 9 ዓመት የሠራች፣ ቤቷ የስድስት ወር ሕፃን ያላት እህታችን ናት። ሦስተኛው እኔ።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ መሄድ ያለባቸው ጋሼ ናቸው ብዬ አምን ነበር። የማስታወሻ ደብተራቸው ወረቀት ቢጫ ሆኗል። ከሰሌዳው ግራ ጥግ ይጀምሩና ቀኝ ጥግ ሲደርሱ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ቀይ ቡና ከነቅርንጫፉ ክፍል ይዤ እገባለሁ፣ ተማሪ አስከትዬ አዌቱ ወንዝ ዳር ቅጠልና ነፍሳት ስለቅም እውላለሁ። ወጣት ነኛ! ትምህርት ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

የስታፍ ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ «እንደተለመደው በአገልግሎት ዘመን ይሁን፣ መጨረሻ የገባው ይውጣ» አሉ። እኔን ማለታቸው ነው። እጄን አወጣሁና ልቤ ድው ድው እያለ ተናገርኩ። ተማሪ የሚማረው ከመምህሩ ነው እንጂ መምህሩ ከተቀጠረበት ቀን አይደለም፣ ዓመት መቁጠር ለእኛ ይመች እንደሆነ እንጂ ለልጆቹ ምን ይፈይዳል፣ ውጤት ይታይ አልኩ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሌላው ሰርጌ ላይ ነው።

ይባስ ብሎ የኢኮኖሚክስ መምህሩ ከስልኩ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አወጣልኝ። አዋጁ የግል ትምህርት ቤቶችን እንጂ እኛን የመንግሥት ሠራተኞቹን አይመለከትም። ሐሳቡ ግን ጣመን። ሠራተኛ ሲቀነስ ችሎታና የተሻለ የሥራ ውጤት ያለው ቅድሚያ አግኝቶ ይቆያል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ ብቻ ነው አገልግሎቱ አጭር የሆነው የሚወጣው፣ ከዚያ ቀጥሎ የጥገኛ ቤተሰብ ብዛት ይታያል። «ይኸው፣ ሕጉም ከእኔ ጋር ነው» አልኩ። ዳይሬክተሩ ሲሰለቻቸው ኮሚቴ ይቋቋም ብለው ዘጉት።

ኮሚቴው ውጤት ለማየት በእጁ ያለው አንድ ወረቀት ነው፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና። ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል። ሁላችንም 90 ምናምን ነን። ከ90 በታች ያገኘ መምህር ካያችሁ ወይ ሰክሮ ክፍል ገብቷል፣ ወይ ከአለቃው ተጣልቷል።

ወረቀቱ ተገለጠ። እኔ 93። እህታችን 92.5። ጋሼ 86።

ጋሼ መጠጥ በአፋቸው አይዞርም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ በባዮሎጂ ወደቀ። «ትንሽ ይስተካከልለት» ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ይስተካከልለት ያለው ሰውና ፎርሙን የሞላው ሰው አንድ ናቸው። የእኔስ 93? እኔም በሌላ ተማሪ ተጠይቄ ነበር። «አሳይመንት» ብዬ 4 ነጥብ ጨመርኩለት። እዚህ ድረስ ሳልጽፈው ለማለፍ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም።

በበነጋው ጋሼ ከግቢው ፊት ለፊት ያለችው ቡና ቤት ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ስኳሩን ቀስ ብለው እያማሰሉ «ልጄ፣ ጎበዝ መምህር ነህ፣ በመስኮት አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ግን 93ቱን የሰጠህ ሰው አንድ ቀን ክፍልህ ገብቶ ያውቃል?»

አልገባም። አንድም ቀን።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን እምቢ አሉ?» አልኳቸው።

«ምን ያመጣሉ ብዬ ነዋ! ነጥቤን ቢቀንሱ 28 ዓመቴን አይቀንሱት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተው አድርገው «አንተ መጥተህ ዓመቱ አይቆጠር እስክትል ድረስ» አሉ።

ቡናዬን አልጨረስኩትም። ከሰዓት ኮሚቴው ጋ ሄጄ የቀድሞ ሐሳቤን ትቻለሁ፣ በዓመት ይሁን አልኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፣ ሐፍረት ነው። ኮሚቴው ደስ አለው፤ ዓመት ከቆጠረ ማንም አያኮርፈውም። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤዬን ፈርሜ ወሰድኩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጋሼ ትክክል፣ እኔ ጥጋበኛ ሆነን እንለያይ ነበር። ግን የተመደብኩበትን የገጠር ትምህርት ቤት ማየት አለባችሁ። 14 መምህራን ነን። ከ14ቱ 10ሩ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ከከተማ «መጨረሻ የገባ ይውጣ» የተባለ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል። ችግር ሲገጥመው ሄዶ የሚጠይቀው ጋሼ የሚባል ሰው የለም። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ወር ያንን ቢጫ ደብተር ስመኝ ነበር፤ ብልቃጥም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ቤት ሰሌዳ ላይ ሥዕል አሳምሮ መሳል ትልቅ ሙያ ነው ለካ። ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አንዱ ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ አንተስ እስከ መቼ ነህ?» አለኝ። ሊቀልድ አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛው የባዮሎጂ መምህሩ ነበርኩ።

አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ ዲቪ ደርሶት ሎስ አንጀለስ ነው ያለው፣ እዚያም ያስተምራል። ይሄን በስልክ ሳወራው «በል ዝም በል፣ እዚህም ያው ነው» ብሎ ሳቀ። የእነሱ ግን ዝውውር አይደለም፣ ከሥራ መሰናበት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚቀጥለው ዓመት ሊቀነስ የሚችል መምህር እስከ ማርች 15 የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊደርሰው ይገባል፣ ቅደም ተከተሉም በመሠረቱ በቅጥር ዘመን ነው። ልዩ ሥልጠና ያለውን ለማስቀረት ሕጉ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በጀት ሲቆረጥ ማርካምን የመሳሰሉ በድሃ ሰፈር ያሉ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ክፉኛ ተመቱ፤ መምህሮቻቸው አብዛኞቹ አዲስ ነበሩና። በዓመቱ በተማሪዎቹ ስም ክስ ተመሠረተ። እኔ ደግሞ «እስከ መቼ ነህ?» ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝ።

ሌላም ክስ አለ አለኝ፣ ቬርጋራ የሚባል። ዘጠኝ ተማሪዎች ናቸው የከሰሱት። በ2014 እ.ኤ.አ. ዳኛው ሮልፍ ትሩ የመምህራንን የሥራ ዋስትናና በቅጥር ዘመን የመቀነስን ሕጎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ ፈረደ። ወጣቱ እኔ ብሆን ብድግ ብዬ ነበር የማጨበጭብ። በ2016 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ ነው የገረመኝ፤ ደካማ መምህር ድሃ ትምህርት ቤት ይመደብ የሚል ነገር ሕጎቹ ውስጥ የለም፣ ማን የት እንደሚያስተምር የሚወስኑት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው ነው ያሉት።

እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ፣ አለቃ ብቻውን የሚሞላው ወረቀት እስካለ ድረስ ዓመት ይቆጠር ባይ ነኝ። አዲሱን ሁሉ አንድ ገጠር ላይ ማራገፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ማንም ሳይፈርምበት እኛው ነን የምናደርገው። ከከተማ አንድ ጋሼ፣ በፈቃዳቸው፣ ቤትና ትንሽ አበል ተሰጥቷቸው ለሁለት ዓመት ቢመጡልን ያ ትምህርት ቤት ሌላ ትምህርት ቤት ይሆን ነበር። ይሄን ለወረዳው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ገብቷል።

ከ3 ዓመት በኋላ ወደ ጅማ ተመለስኩ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። አሁን የዲፓርትመንት ተጠሪ ነኝ፣ ምዘናውን የምሞላው እኔ ነኝ። ዘንድሮ የሰባቱንም መምህራን ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ገብቼ አየሁና እንደየሥራቸው ሞላሁ። ከ78 እስከ 95። 95ቷ አምና የተቀጠረች ልጅ ናት፣ እኔ በእሷ ዕድሜ የነበርኩትን እጥፍ ትሆናለች። ምክትሉ ወረቀቱን መለሱልኝ። «የሌላው ዲፓርትመንት ሁሉ 93 ነው፤ ዝውውር ቢመጣ የአንተዎቹን ነው የምታስበላቸው» አሉኝ።

ሰባቱንም 93 አደረግኳቸው።