እ የሚል የጠፋበት ድራማ

የቴሌቪዥን ድራማ ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰዎቹ ወሬ አይነጣጠቁም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቃል፣ ያኛው ሲጨርስ እሱ ይጀምራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ ተራ ይጠብቃሉ! እንዲህ ያለ ጨዋ ጠብ የት ሰፈር ነው ያለው?

እኛ ቤት ሰው ሲያወራ አፉን ይዞ የሚቀመጥ የለም። "እ..."፣ "እንዴ!"፣ "ኧረ ተይ!"፣ "ከዛስ?" ይባላል። እናቴማ አንዳንዴ ቃልም አታወጣም፤ ትንፋሽዋን ሳብ ታደርጋለች። ያቺ ወደ ውስጥ የምትሳብ "አዎ"። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሲሰማት የደነገጠች ይመስለዋል። ያቺ "አዎ" ከሌለች ግን ተራኪው ወሬው አይጥመውም። በስልክ ከሆነማ "ሄሎ? አለሽ?" ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ ከቋንቋችንም ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። አድራጊው ማን እንደሆነ፣ ነገሩ ሆነ ወይስ አልሆነ የሚለው ብዙ ጊዜ እዚያ ጫፍ ላይ ነው የሚለየው። አድማጭ ታዲያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ እየገመተ ይከተላል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ይደርሳል። "ሄጄ ብጠይቀው፣ እሱ ሆዬ..." ስትል አንዷ፣ ሌላዋ "እምቢ አለሽ!" ትላለች። "እምቢ አይለኝ መሰለሽ!" ወሬው የሁለቱም ሥራ ነው። ድራማ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግሥ ራሱ፣ ብቻውን ይጨርሳል። የቃላቱ ቅደም ተከተልም ቢሆን የሰዋስው መምህር ያረመው ይመስላል። እኛ "መጣ እንዴ ልጁ?" እንላለን፤ እነሱ "ልጁ መጣ?" ይላሉ።

ንግግርን የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ተራ አያያዝ በቁም ነገር ይዘውታል። ሃርቪ ሳክስ፣ ኢማኑኤል ሼግሎፍና ጌል ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ፤ አማርኛ አልነበረበትም። ጥያቄ ተጠይቆ መልስ እስኪሰጥ የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ቃል አስቦ ለማውጣት ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የሚመልሰው ሰው መልሱን የሚያሰናዳው ጠያቂው ገና ሳይጨርስ ነው ማለት ነው።

ድራማው ላይ ይቺ ክፍተት ለምን እንደምትረዝም ይገባኛል። ሁለት ሰው በአንድ ላይ ከተናገረ ኤዲተሩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲቆርጥ ድምፁ ይበላሽበታል፤ ተዋናዮች አትደራረቡ የሚባሉት ለዚህ ነው። የመድረኩም ውርስ አለበት። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቶ ቴሌቪዥን የገባው በ1957 ነው፤ ለኋለኛው ወንበር እንዲሰማ አድርጎ መናገር ከስክሪኑ ቀድሞ ነበር። ከሬዲዮ ድራማም የወረስን ይመስለኛል። ሬዲዮ ምስል የለውምና ሁሉን በአፍ መናገር አለበት። "አንተ እኮ የሟቹ አባቴ ታናሽ ወንድም ነህ!" ይባላል በሬዲዮ፤ አድማጩ ከየት ይወቀው? አጎትየው እፊታችን ተቀምጦ እያየነው ግን ይህን ምን አመጣው?

የትርጉም ድራማዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጣ ጀምሮ ቱርኮቹ በአማርኛ ሲያወሩ ሰምተን ለምደናል። አማርኛው በሰው አገር ከንፈር ልክ መሰፋት ስላለበት እጥር ምጥን ብሎ፣ ትንሽም ደረቅ ብሎ ይወጣል። አሁን ታናሽ እህቴ ስትናደድ "ይህን ልታደርግብኝ አትችልም!" ትለኛለች። ድሮ "ሂድ ወደዛ!" ነበር የምትለኝ። እውነቱን ለመናገር ድሮ ይሻል ነበር።

ድራማው የቤታችንን ወሬ እንዳለ ይቅዳ ግን አልልም። ሰላምታው ብቻ ክፍሉን ይጨርሰዋል፦ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና፣ ሰላም ነው፤ ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ መልስ የሚጠብቅ የለም። የስልክ ስንብታችንም ቢሆን "እሺ በቃ፣ እሺ፣ ቻው፣ እሺ ቻው ቻው" ነው። ተዋናዮቹ ቻው ሳይሉ ስልክ ሲዘጉ ይቅር እላቸዋለሁ። አንድ "እንትን" ሳይሉ ዓመት መክረማቸውንም እንደዚሁ። ይቅር የማልለው የአድማጩን ነገር ነው። የሚናገረው ላይ ብዙ ተለፍቷል፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፤ የሚሰማው ግን ተራው እስኪደርስ እንደ ፎቶ ይደርቃል። ለእሱ የተጻፈ ነገር የለማ። ሁለት "እ" እና አንድ "ወይኔ" ምን ያህል ወረቀት ይፈጃሉ?

ትናንት ማታ አንዷ ገጸ ባሕርይ ባሏ ጥሏት እንደሄደ ለጎረቤቷ ትናገራለች። ጎረቤቷ ዝም። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ እሷ አሁንም ዝም። እናቴ አላስቻላትም። ከሶፋው ላይ ሆና "እ... ወይኔ ልጄን! እና ምን አልሽው?" እያለች የጎረቤቲቱን ድርሻ ተወጣች።

"እማ፣ ኧረ አሰሚን!" አለች እህቴ።